ስቱኮ ከማስሞላታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው የመኪናው በር ወይም ፓራፋንጎው ገብቶበት፣ ጋራዥ ልውሰደው ወይስ እንዲሁ ልተወው እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው። እኔ መጀመሪያ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ከፈልኩ፤ ተበላሸ። ከዚያ እዚሁ አፍንጮ በር፣ ከጎረቤቶቼ ጋር በምንጋራው ግቢ ውስጥ፣ በራሴ እጅ አወጣሁት። መካኒክ አይደለሁም። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ከዚህ በፊት መዶሻ የያዝኩት ሚስማር ለመምታት ብቻ ነበር። ስለዚህ እኔ የቻልኩትን አብዛኞቻችሁ ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ የማይሞከረውንም እነግራችኋለሁ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ ኮድ 2፣ ቀለሟ ብርማ። ጊዮርጊስ አካባቢ ቁልቁለት ላይ አቁሜያት ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ የግራ የኋላ በሯ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ። የገጨው ሰው የለም። አካባቢው ላይ የነበረ ሁሉ «ሚኒባስ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመጣ ነው» ይላል። ታርጋ የያዘ ግን አንድም አልተገኘም።

እንዲህ ሲገጥማችሁ መኪናውን ከቦታው ሳታነሱ ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ። ፕላን ይነሳ። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠየቁት የፖሊስ ሪፖርቱን ነው። እኔ የነበረኝ ሕጉ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን ብቻ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የወጣው ይህ መድን የሚቆመው እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ነው። የራሳችሁን በር አይጠግንም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው በሩ ከገባ በኋላ ነው።

የወሰድኩበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ገና ከመኪናው ስወርድ «ባልሽ ይምጣና እንነጋገር» አሉኝ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም። «ከእኔ ጋር ተነጋገሩ» አልኳቸው። አንዱ ልጅ በሩን በጣቱ መታ መታ አደረገና ዋጋ ጠራ። ውስጡን ከፍቶ አላየም። እንዴት እንደሚሠሩትም አልተነገረኝም። ከዚያ የተለመደው «ነገ ነይ»፣ «ከሰዓት ብቅ በይ» ተጀመረ። ልጆቼን ትምህርት ቤት ለማድረስ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ስጋፋ፣ መኪናዋ እዚያ በሯን ተቀጥቅጣ ሳይሆን አቧራ ለብሳ ቆማለች።

በመጨረሻ ስረከባት ግን እውነቱን ለመናገር አማረችኝ። በሩ ልስልስ ብሏል። ቀለሙ ከፊት በር ትንሽ ይለያል፤ እሱን ዋጥ አድርጌ ከፍዬ ወጣሁ።

ክረምት ገባ። መጀመሪያ ከበሩ መሀል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። ቀጥሎ በስንጥቁ ዙሪያ ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። አንድ ቀን በሩን ጠበቅ አድርጌ ስዘጋው መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ መሬት ወደቀ። አነሳሁት። ውፍረቱ ከጣቴ አያንስም። ስቱኮ ነው፤ ከቀለም በፊት ስርጉድ የሚሞላበት፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ልስን። ከስሩ ላሜራው እንደገባ ቁጭ ብሏል። በዚያ ላይ በድሪል የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ዙሪያቸው ዝጓል።

ምን እንደተደረገ በኋላ ነው የገባኝ። ላሜራውን በስተኋላ ከመግፋት ይልቅ ከውጭ በስተው በብረት ሳቡት። ትንሽ ወጣላቸው። የቀረውን በስቱኮ ሞሉት። ቀዳዳዎቹን በብየዳ አልዘጓቸውም። የመኪና ስቱኮ ደግሞ ሲደርቅ ጠንካራ ቢመስልም ውኃ ይመጥጣል። በር ውስጥ ሁልጊዜ ውኃ አለ። ዝናቡ በመስታወቱ ጠርዝ ገብቶ በውስጥ በኩል ይወርዳል። ያ ውኃ በቀዳዳዎቹ አልፎ ስቱኮው ውስጥ ገባ። ብረቱ ከስቱኮው ስር ዛገ። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ስቱኮውን ገፍቶ ያስለቅቀዋል። በር በቀን ስንት ጊዜ በኃይል እንደሚዘጋ አስቡት። ወፍራም ስቱኮ በር ላይ ዕድሜ የለውም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ባትላሜራ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲመቱ ኖረው ጆሯቸው ከብዷል፤ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ቁራጩን ይዤ ሄድኩና አሳየኋቸው። ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው አወጡ። በሩ ላይ ከዳር ወደ መሀል ጎተቷት። ዳሩ ላይ ያዘች። መሀል ስትደርስ ተንሸራታ ወደቀች።

«ልጄ፣ ይቺ በር አልተሠራችም። ተሸፍናለች።»

«እርስዎ ቢሠሩልኝስ ጋሼ?»

«ትከሻዬ የት አለና! ነይ፣ አንቺ ምቺ፤ እኔ እጮኻለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ።

ያቺን የማግኔት ዘዴ ያዟት። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ የፍሪጅ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹን፣ ፓራፋንጎዎቹንና የጣሪያውን ምሰሶዎች ዞር ዞር በሉባቸው። ማግኔቱ የሚላላበት ቦታ ስር ስቱኮ አለ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ግድ የላችሁም። አንዳንድ መኪና ግን ኮፈኑ አሉሚኒየም ነው፤ እዚያ ላይ ማግኔት ጭራሽ አይይዝም፤ ስቱኮ ነው ብላችሁ እንዳትጣሉ።

የመጀመሪያው ሥራ አሮጌውን ስቱኮ ልጦ መጣል ነበር። ይሄ አድካሚ ነው እንጂ ጥበብ አይፈልግም። ማስክ ግን ግድ ነው። ብናኙ ደቃቅ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ልብስ ላይም ያርፋል። ጎረቤቴ ያጠበችውን ነጠላ ገመድ ላይ አስጥታ ነበር፤ እንደገና አጥቤ መለስኩላት። በጋራ ግቢ የምትኖሩ ሰዎች ከመጀመራችሁ በፊት ለሁሉም ንገሩ። የልብስና የሕፃናት ነገር በሰላም የሚያኖር ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ በሩን በውስጥ መክፈት። መስታወቱን እስከ ላይ ዝጉት። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ አላቅቁና ትንሽ ቆዩ። በሩ ወይም ምሰሶው ውስጥ ኤርባግ ወይም የኤርባግ ገመድ ያለባቸው መኪኖች አሉ። ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። ቢጫ ካያችሁ አትንኩት፤ ለሚያውቅ ሰው ተዉት። የውስጥ ሽፋኑ ብሎኖች የሚደበቁት ከእጀታው ጀርባና ከክንድ ማሳረፊያው ስር ነው። በጠርዙ ዙሪያ ያሉት ደግሞ የፕላስቲክ መቆለፊያዎች ናቸው። በካቻቢቴ ፈልቅቄ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ይሰበራሉ። ጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አስገብታችሁ ቀስ በቀስ አንሱት። ቢሰበርም መለዋወጫው ይገኛል፤ አገር አይፈርስም።

ከሽፋኑ ስር ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ጋራዥ ቀዶ የሚጥለው እሱን ነው። የእኔም ተቀዶ ነበር። ያ ፕላስቲክ ባይኖር የዝናቡ ውኃ በሩ ውስጥ መውረዱን ትቶ ወደ መኪናው ምንጣፍ ይገባል። ክረምት ላይ «መኪናዬ ይሸታል» የምትሉ ሰዎች መጀመሪያ እሱን እዩ። እኔ ወፍራም የላስቲክ ሸራ ቆርጬ በአዲስ ተካሁት።

የበሩ ውስጥ ባዶ አይደለም። በአግድም የሚያልፍ ወፍራም ብረት አለ። በጎን ግጭት የተቀመጠውን ሰው የሚጠብቀው እሱ ነው። ያ ብረት ከታጠፈ መቀጥቀጡን ተዉት፤ በሩ ይቀየራል። ያገለገለ በር ሶማሌ ተራ ፈልጋችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ቀለሙ እንኳ ከገጠመ ከጥገናው ሊረክስም ይችላል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን አትግዙ፤ ማግኔቷንም ይዛችሁ ሂዱ። የእኔ ብረት ደህና ነበር። የገባው የውጭው ላሜራ ብቻ ነው።

መሣሪያ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ጋሼ የነገሩኝን ብቻ ገዛሁ። ፊቷ ጠፍጣፋና ልስልስ የሆነች መለስተኛ መዶሻ። ከኋላ የሚደገፍ፣ በእጅ የሚያዝ ከባድ ብረት፤ ለእኔ አጠር ተደርጎ የተቆረጠ አሮጌ ባሌስትራ ሆነልኝ። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩት፤ አለበለዚያ ላሜራው ላይ አዲስ ምልክት ይተዋል። እና አንድ ከወይራ እንጨት የተጠረበ፣ ጫፉ የደደረ መግፊያ። መዶሻው ፊት ላይ ጭረት ካለ በመታችሁት ቁጥር ያንን ጭረት በሩ ላይ ታትማላችሁ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ለጆሮ ጥጥም ቢሆን ጠቅጥቁ። ጋሼ ጆሯቸውን እያሳዩ ነው ይህን የነገሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስርጉድ ላሜራ ሲታይ ዓይን ወደ ጥልቁ ቦታ ይሄዳል። እጅም ይከተላል። ከውስጥ ሆኖ መሀሉን በኃይል መምታት ያምራል። ብዙ በር የሚበላሸው በዚህ ነው። በግጭቱ ጊዜ መጀመሪያ የገባው መሀሉ ነው። ከዚያ ዙሪያው ላይ ላሜራው ተጣጥፎ ጉብ ብሎ ቆመ። መሀሉን ወደ ውስጥ ይዞ ያስቀረው ያ ጉብታ ነው። ጉብታው ሳይለቅ መሀሉን ብትመቱት መሄጃ የለውም። ስለዚህ በመጣበት ተቃራኒ ነው የሚመለሰው። መጨረሻ የታጠፈው መጀመሪያ ይፈታል። ከዳር ወደ መሀል።

ጉብታውን ማየት ቀላል አይደለም። በቀትር ፀሐይ ምንም አይታይም። ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃኑ አግድም ሲመጣ፣ በሩ ላይ የሚንጸባረቀውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ተመልከቱ። ሽቦው የሚጣመምበት ቦታ ላይ ችግር አለ። ቀለም ከተላጠ ግን ነጸብራቅ የለም፤ ያኔ እጅ ነው የሚያየው። ስስ የጥጥ ጨርቅ በእጃችሁና በላሜራው መካከል አድርጉና መዳፋችሁን ሙሉውን አሳርፋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡት። በጣት ጫፍ አይሆንም። ጉብታውን በጠመኔ መስመር፣ ጎድጓዳውን በክብ ምልክት አድርጉበት። እኔ መጀመሪያ አልሰማኝም ነበር። ጋሼ ዓይኔን ጨፍኜ እንድዳስስ አደረጉኝ። ያኔ ተሰማኝ።

ከዚያ በወይራው መግፊያ ጎድጓዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ መያዝ፣ ከውጭ ደግሞ ጉብታውን በመዶሻ ቀለል ቀለል አድርጎ መምታት። ልብ በሉ፤ የሚገፋው ቦታና የሚመታው ቦታ አንድ አይደለም። አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ጉብታው ሲወርድ ጎድጓዳው ራሱ ይወጣል። የመጀመሪያው ጉብታ ሲለቅ ድምፅ አለው፤ በሩ ውስጥ ቡፍ ይላል፤ በእጃችሁም ይሰማችኋል። እኔ ደንግጬ ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር። ጋሼ ከበርጩማቸው ላይ «እሱ ነው! እሱ ነው!» እያሉ ግቢውን አደባለቁት።

መዶሻ አያያዝም አለው። ከፍ አድርጎ በክንድ አይመታም። ከእጅ አንጓ ብቻ፣ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ። የዚህ ዓይነት መኪና የውጭ ላሜራ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለማቃናት ጉልበት አያስፈልግም። ሴቶች እህቶቼ፣ «ይሄ የወንድ ሥራ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ጉልበተኛ ሰው እንዲያውም በዚህ ሥራ ላይ አደጋ ነው።

አደጋው ምንድን ነው? ባሌስትራውን ከኋላ አስደግፋችሁ በዚያው ትክክል ከፊት በመዶሻ ደጋግማችሁ ከመታችሁ፣ ላሜራው በሁለት ብረት መካከል ተቀጥቅጦ ይሳሳል። ሲሳሳ ይሰፋል። የሰፋው ብረት ደግሞ መሄጃ የለውም። ውጤቱን የምታውቁት በጣት ስትጫኑት ነው። «ጧ» ብሎ ይገባል፤ ስትለቁት «ጧ» ብሎ ይወጣል። የእኔ በር ታችኛው ጥግ ላይ እንዲህ መሆን ጀምሮ ነበር። ያኔ ማቆም ነው። በመዶሻ ማስተካከል እየሞከሩ መቀጠል ነገሩን ያሰፋዋል። መድኃኒቱ ቦታውን በእሳት አግሎ ማኮማተር ነው፤ ይህን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ቀለም፣ ላስቲክ፣ ገመድ ሁሉ በቅርብ ነው። እኔ ቀዳዳዎቹን ለማስበየድ መውሰዴ ስለማይቀር ያንን ጥግ እዚያው አስነካሁት።

ብየዳው ጋ ስትሄዱ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ ባትሪው ይላቀቅ። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው በነጥብ ነጥብ፣ እያረፉ ይዘጋ። አንድ ቦታ ላይ ቆመው ከበየዱ ሙቀቱ ላሜራውን መልሶ ያጣምመዋል፤ የለፋችሁበት ሁሉ ከንቱ ነው። በያጁ ወጣት ልጅ ነበር። ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በሩን ዳሰሰና «ማን ነው የቀጠቀጠው?» አለ። «እኔ» ስለው ጋሼን ነው ቀና ብሎ ያየው። ጋሼ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሚጠይቅ እንጂ የሚከብድ አይደለም። በላሜራው ላይ የቀረው ጉድለት ጥቂት ነው። እሱን ስቱኮ ይሞላዋል። ስቱኮ ጠላት አይደለም፤ ልኩን ካወቀ። ጠቅላላ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ብረቱ በ80 ቁጥር ወረቀት ተሞርዶ፣ ቅባቱ ተጠርጎ፣ ደርቆ ይቀባል። ማድረቂያው ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ገደማ ነው። «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማብዛት የአገራችን አመል ነው። የበዛ ማድረቂያ በኋላ ቀለሙን ዘልቆ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ስቱኮውንም ያሰነጥቃል። የሁለቱ ቀለም አንድ ወጥ እስኪሆን አዋህዱ፤ በትንሽ በትንሹ አዘጋጁ፤ ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እጃችሁ ላይ ሳይደርቅ ፍጠኑ።

ስትሞርዱ ወረቀቱን ቀጥ ባለ የእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልሉት። በእጅ ብቻ ከሞረዳችሁ ጣቶቻችሁ ቦይ ቦይ ያወጣሉ፤ ቀለም ሲቀባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 80፣ ከዚያ 180። ስቱኮን በውኃ አትሞርዱ። ውኃ ይመጥጣል ብያለሁ። በውኃ መሞረድ የሚቻለው ከላይ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚነፋው የሥር ቀለም፣ ከተነፋበት በኋላ ነው። ክረምት ላይ የምትሠሩ ከሆነ የተራቆተ ብረት አታሳድሩ። የአዲስ አበባ የሐምሌ ሌሊት ይበቃዋል፤ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በውስጥ በኩል፣ የተበየደበት ቦታ ሁሉ ላይ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት በብሩሽ ቀቡ። ጋራዡ የዘለላት ይቺን ነበር።

ቀለሙን እኔ አልቀባሁም። ሆን ብዬ ነው። ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ የሚነፋው የመኪና ቀለም ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል አለበት፤ ተራ የአቧራ ማስክ አያስቆመውም። ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ እሱን መንፋት ነውር ነው። ለቀቢ ሰጠሁ። በዚህ ጊዜ ግን መጠየቅ ያለብኝን አውቄያለሁ። የቀለሙ ቁጥር መኪናው ላይ አለ፤ ቶዮታ ከሆነ በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈኑ ስር ባለው ሰሌዳ ተጽፏል። የእኔ 1ኤፍ7 ነው፤ ብርማ። ነጭ ቶዮታ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ 040 ታገኛላችሁ። ነጩ ቀላል ነው። ብርማው ግን ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ ዓይን ላይ ይለያል፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ በአነፋፈሱ ይለዋወጣል። መፍትሔው አዲሱን ቀለም ወደ ጎረቤት በርና ፓራፋንጎ እያሳሱ ማዋሃድ ነው። «በሩን ብቻ ነው የምቀባው» የሚል ቀቢ ብርማ መኪና ላይ ይለፋችሁ።

ጋራዥ መውሰድ ግዴታ የሆነባችሁ ሰዎች፣ እኔ ሳልል የቀረሁትን በሉ። «ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ላሜራውን ልየው።» «ከበሳችሁት በብየዳ ዝጉት፤ በውስጥም አንቲረስት ይቀባ።» «ገንዘቡን በሁለት ጊዜ እከፍላለሁ፤ ግማሹን ላሜራውን ካየሁ በኋላ።» ጥሩ ባትላሜራ በዚህ አይቀየምም። እንዲያውም የሚያውቅ ደንበኛ መጣ ብሎ ይደሰታል። ተቆጥቶ «ሥራችንን ልታስተምሪን ነው?» ካላችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ቀለም ያልተሰነጠቀበት፣ ሰፋ ያለ ጥልቀት የሌለው ስርጉድ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። በመምጠጫ ላስቲክ ይወጣል። ላሜራውንም ላስቲኩንም አርጥቡ፤ ለጥፉ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ታጥፎ መስመር የሠራ ከሆነ ግን አትድከሙ። በቪዲዮ እንደምታዩት ወዲያው ካልወጣላችሁም አይግረማችሁ። መምጠጫውን ላሜራው ላይ የሚያጣብቀው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ያለው ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ መምጠጫ ግዙ።

የፕላስቲክ ፓራውልት ሌላ ነገር ነው። እሱ መዶሻ አይፈልግም። የፈላ ውኃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፤ ሲለሰልስ ከኋላ በእጅ ግፉት፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ አፍሱበት፤ ይይዛል። እኛ ጋ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አንድ ማንቆርቆሪያ አይበቃም፤ ሁለተኛው እሳት ላይ ይጠብቅ። ወፍራም ጓንት አድርጉ። ይህ ዘዴ ለላሜራ አይሠራም። የፀጉር ማድረቂያ፣ በረዶ፣ የፈላ ውኃ፣ በር ላይ ሁሉንም ሞክረው የመጡ ጎረቤቶች አሉኝ፤ በሩ እንደገባ ነው የመጣው።

የማትነኩትን ልንገራችሁ። የጣሪያ ምሰሶ፣ የበር መቀመጫ ምሰሶ፣ ከኮፈኑ ስር ያሉ ወፍራም ብረቶች፤ እነዚህ ሲታጠፉ የመኪናው አጥንት ነው የታጠፈው፤ በወይራ እንጨት አይቃናም። የነዳጅ ታንከር ከተሰረጎደ ባዶ ነው ብላችሁ እሳት ወይም ብየዳ አታስጠጉበት። የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው ጋዝ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ከሞላው የከፋ ነው።

በሩን መልሳችሁ ስትገጥሙ ከታችኛው ጠርዝ ስር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ፈልጉ። የዝናቡ ውኃ የሚወጣው በእነሱ ነው። የመንገድ ጭቃና የስቱኮ ብናኝ ይደፍናቸዋል። በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸውና በመስታወቱ ጠርዝ አንድ ኩባያ ውኃ አፍስሱ። ውኃው ከስር ሲወርድ ካያችሁ የውስጥ ሽፋኑን ግጠሙ። ካልወረደ ሽፋኑን አትግጠሙ፤ እንደገና ቆፍሩ።